የንጉሥ ጋምቢት፡ ያዋጣል ወይስ ያስበላል?

እ.ኤ.አ ጁን 20 ቀን 1976 ምሽት፣ ቤልግሬድ። የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ ነው። ቼኮዝሎቫኪያና ምዕራብ ጀርመን 2ለ2 ተለያይተው ወደ መለያ ምት አምርተዋል። ጀርመናዊው ኡሊ ሆነስ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ወደ ሰማይ ስለላካት አንቶኒን ፓኔንካ ካገባ ጨዋታው አለቀ። ግቡ ላይ የቆመው የዓለም ሻምፒዮኑ ሴፕ ማየር ነው። ፓኔንካ ከሩቅ ተንደርድሮ መጣ፤ ሁሉም ሰው ቦምብ ሲጠብቅ እሱ ኳሷን ከሥሯ ጫር አድርጎ መሃል ለመሃል አንሳፈፋት። ማየር ወደ ጎን ወድቆ ኳሷ ቀስ ብላ መረቡ ላይ ስታርፍ ከማየት ውጪ ምርጫ አልነበረውም።

ከ16 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ በ1992 ጋሪ ሊንከር ዌምብሌይ ላይ ከብራዚል ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ያንኑ ሞከረ። ለእንግሊዝ 48 ጎል አግብቷል፤ አንዷን ቢጨምር የቦቢ ቻርልተንን የ49 ጎል ሪከርድ ይጋራ ነበር። ኳሷ ግን ደካማ ሆና ግብ ጠባቂው እጅ ገባች። ሊንከር በ48 ጎል ቆመ፤ ጫማውንም በ48 ሰቀለ።

ምቱ አንድ ነው። አንደኛው በስሙ ተጠራበት፣ ሌላኛው ሪከርድ አጣበት። ታዲያ ፓኔንካ ጥሩ ምት ነው መጥፎ? ሻይ ቤት ውስጥ ይህንን ጥያቄ ያነሳ ሰው ክርክሩ ሳያልቅ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል። በቼዝ ዓለም ደግሞ ተመሳሳይ ክርክር ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አሁንም አልበረደም። የክርክሩ ርዕስ ጋምቢት ይባላል።

ጋምቢት ማለት ጨዋታው ገና ሲከፈት አንድ ወታደር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ «እንካ ብላ» ብሎ ለተጋጣሚ መስጠት ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ በ1561 የቼዝ መጽሐፍ ያሳተመው ስፔናዊው ቄስ ሩይ ሎፔዝ ከጣልያኖች ያመጣው ሲሆን መነሻው እግር መጥለፍ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ቢሆን ቢጫ ካርድ ያሰጣል። ቼዝ ላይ ግን ጠላፊው ራሱ አስቀድሞ ዋጋ ስለሚከፍል የሚከሰው የለም። ጥያቄው የከፈለውን ያህል ያገኛል ወይ የሚለው ነው።

ከጋምቢቶች ሁሉ ደፋሩና ብዙ ያጨቃጨቀው የንጉሥ ጋምቢት ነው። አጀማመሩ ለማንም ቀላል ነው። ነጩ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፤ ኢ4 ላይ ያርፋል። ጥቁሩም እንደዚያው ኢ5 ላይ ያቆማል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ነጩ በሁለተኛው እንቅስቃሴ አጠገቡ ያለውን ወታደር ወደ ኤፍ4 ይገፋና ለጥቁሩ ወታደር አፍ ላይ ያደርገዋል። ውሰደው ነው።

ይህቺ ወታደር ተራ ወታደር አይደለችም። ከንጉሡ ጎን ቆማ በሩን የምትጠብቅ ናት። እሷን በሁለተኛው እንቅስቃሴ መስጠት ማለት ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ መሃል ተከላካይን አጥቂ አድርጎ ወደፊት እንደመላክ ነው። ከኋላ የቀረው ንጉሥ ራቁቱን ነው። የጥቁሩ ንግሥት በአንድ ዝላይ ኤች4 ላይ ወጥታ ቼክ ልትለው ትችላለች፣ መንገዱም ወለል ብሎ ተከፍቶላታል።

ነጩ በምትኩ ምን ያገኛል? አንደኛ የጥቁሩ ወታደር ለመብላት ሲል ከሜዳው መሃል ወደ ክንፍ ስለሚወጣ መሃሉ ለነጩ ይለቀቃል። ቼዝን የማያውቅ ሰው እንኳ መሃል ሜዳን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛ በኤፍ በኩል ያለው መስመር ስለሚከፈት ነጩ ንጉሡን ወደ ጥግ ከሸሸገ በኋላ ሩኩ በዚያ መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ኤፍ7 ያያል። ኤፍ7 የጥቁሩ ደካማ ቦታ ነው፤ ከንጉሡ በስተቀር ጠባቂ የለውም። ሦስተኛና ዋናው ደግሞ ጊዜ ነው። ጥቁሩ የበላትን ወታደር ለማቆየት ሌሎች ወታደሮችን ሲገፋ ነጩ ፈረሱንና ቢሾፑን ያወጣል። አንዱ ቡድን ገና ማልያ እየቀየረ ሌላው ሜዳ ገብቶ ማሟሟቅ ጨርሷል እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሰንጠረዥ ማንሳት ያስፈልጋል። አባቶቻችን በሚጫወቱት ሰንጠረዥ አጀማመሩ ተራ የለውም ነበር። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ቀድሞ የተሰለፈ ቀድሞ ይወርራል። አውሮፓውያን ወታደር ከፍለው የሚገዙትን ጊዜ የእኛ ሰዎች በእጅ ፍጥነት ያገኙት ነበር ማለት ነው። ጊዜ ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ፓሪስ ወይም ለንደን መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ለንደን ከተነሳ ዘንዳ የንጉሥ ጋምቢት ስሙ የገነነው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ በ1851 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር ለንደን ላይ ሲካሄድ ጀርመናዊው አዶልፍ አንደርሰን ከውድድሩ ውጪ ከሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ። በንጉሥ ጋምቢት ከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነው እስከዛሬ ይወራል። አንደርሰን አንድ ቢሾፕ ሰጠ፣ ሁለቱንም ሩኮች ሰጠ፣ በመጨረሻም ንግሥቲቱን ሰጠ። ኪዘሪትስኪ ሁሉንም በላ። በ23ኛው እንቅስቃሴ አንደርሰን በቀሩት ሁለት ፈረሶችና አንድ ቢሾፕ ማት አደረገው። ጥቁሩ በቁጥር ሀብታም ሆኖ ሞተ። ጨዋታው «የማይሞተው» የሚል ስም ወጣለት፤ ሚዜው ያልሆነ የቼዝ መጽሐፍ የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ሲወራ የተሸናፊው ስህተት አብሮ አለመወራቱ ነው። በኋላ ቁጭ ብለው የመረመሩት ሰዎች ኪዘሪትስኪ በተለያየ ቦታ የተሻለ መከላከያ እንደነበረው አግኝተዋል። በዚያ ዘመን የተሰጠን አለመብላት እንደ ፍርሃት ይታይ ስለነበር ሁሉም ይበላ ነበር፣ ሁሉም ያጠቃ ነበር። መከላከል እንደ ሙያ አልተቆጠረም። እ.ኤ.አ በ1886 የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዊልሄልም ስታይኒትዝ መጥቶ «ማጥቃት የሚቻለው መጀመሪያ ብልጫ ሲኖር ነው» የሚለውን ትምህርት ሲያስፋፋ ነው የጋምቢት ገበያ የቀዘቀዘው። የተሰጠህን ብላ፣ ሲጨንቅህ መልሰህ ስጥ፣ ከዚያ ተረጋግተህ ተጫወት። በቃ። የሚገርመው ይህንን ያስተማረው ስታይኒትዝ ራሱ ንጉሡን በአምስተኛው እንቅስቃሴ ወደ ሜዳ የሚያስወጣ ጋምቢት በስሙ ይጠራለታል። ሐኪሙ ሲጋራ ያጨሳል ማለት ይሄ ነው።

የክርክሩ ትልቁ ምዕራፍ የተጻፈው ግን አርጀንቲና ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ በ1960 ማር ዴል ፕላታ ላይ የ17 ዓመቱ አሜሪካዊ ቦቢ ፊሸር ከሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪ ጋር ተገናኘ። ስፓስኪ ነጭ ነበር፤ የንጉሥ ጋምቢትን ገፋ። ፊሸር በላ፣ የበላትንም ለማቆየት የጂ ወታደሩን ወደፊት ገፋ። ስፓስኪ በኤች4 ሰንሰለቱን ሰበረና ፈረሱን ኢ5 ላይ ተከለ። ፊሸር በጨዋታው መሃል የተሻለ ቦታ ነበረው። ንጉሡ ግን እንደተጋለጠ ስለነበር አንዲት የተሳሳተች እንቅስቃሴ በቃችው፤ በ29ኛው እንቅስቃሴ እጁን ሰጠ። ሁለቱ ውድድሩን ከ15 ጨዋታ እኩል 13.5 ነጥብ ይዘው በአንደኝነት ሲያጠናቅቁ የፊሸር ብቸኛ ሽንፈት ይቺ ነበረች።

ፊሸር ሽንፈትን የሚረሳ ሰው አልነበረም። ቤቱ ገብቶ ቆፈረ፤ በዓመቱ እ.ኤ.አ በ1961 የንጉሥ ጋምቢትን «አፈር አለበስኩት» የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ በአንድ የአሜሪካ የቼዝ መጽሔት ላይ አወጣ። እንደሱ አባባል ጋምቢቱ በግድ ይሸነፋል። መድኃኒቱም ወታደሯን ከበሉ በኋላ ቶሎ ጂ5 ከማለት ይልቅ መጀመሪያ የዲ ወታደርን አንድ ቤት ብቻ ወደ ዲ6 መግፋት ነው። ምን ታደርጋለች ይህቺ ትንሽ እንቅስቃሴ? ስፓስኪ ፈረሱን የተከለባትን ኢ5ን ትዘጋለች። ነጩ እንደ ልማዱ ኤች4 ብሎ ሰንሰለቱን ሲሰብር ፈረሱ ሄዶ የሚያርፍበት ጥሩ ቦታ ስለሚያጣ ብዙ ጊዜ ወደ መጣበት ይመለሳል። አጥቂውን በሁለት ተጫዋች ከማሳደድ ይልቅ ኳስ የሚቀበልበትን ቦታ ቀድሞ መያዝ ማለት ነው። ጥሩ አሰልጣኝ የሚያደርገው ነው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ጋምቢቱን የቀበረው ፊሸር ሦስት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ራሱ በነጭ ይዞት ብቅ አለ! እ.ኤ.አ በ1963/64 የአሜሪካ ሻምፒዮና ላሪ ኢቫንስን በንጉሥ ጋምቢት አሸነፈ። ያ ሻምፒዮና ፊሸር 11 ጨዋታ ተጫውቶ 11 ያሸነፈበት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ በ1968 ዩጎዝላቪያ ቪንኮቭቺ ላይ ሁለት ጊዜ ደገመው፣ ሁለቱንም አሸነፈ። ርግጥ ነው ተንኮል አለበት። ፊሸር የተጫወተው እሱ መድኃኒት ያገኘለትን ዓይነት ሳይሆን ፈረሱን ትቶ ቢሾፑን ቀድሞ የሚያወጣውን ነው። ንግሥቲቱ መጥታ ቼክ ትበለኝ፣ ንጉሤ አንድ ቤት ይሸሻል፣ እሷ ግን ሜዳ መሃል ስትባረር ጊዜ ታባክናለች የሚል ሂሳብ ነው። ቢሆንም «በግድ ይሸነፋል» ያለ ሰው በአንዱ በር አስወጥቶ በሌላው በር ማስገባቱ አንድ ነገር ይናገራል።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው ግን ሬይክያቪክ ነው። እ.ኤ.አ በ1972 ፊሸርና ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮንነት አይስላንድ ላይ ሲፋለሙ ስፓስኪ ብዙ ጊዜ የንጉሡን ወታደር ኢ4 ላይ እየገፋ ጀምሯል። ፊሸር በዚያ ግጥሚያ አንድም ጊዜ ኢ5 ብሎ አልመለሰለትም። ሲሲሊያን ተጫወተ፣ ሌላም ሌላም ተጫወተ፣ ያንን በር ግን አልከፈተም። ጥቁሩ ኢ5 ካላለ ደግሞ የንጉሥ ጋምቢት የሚባል ነገር የለም። ፊሸር 12.5 ለ 8.5 አሸንፎ ዘውዱን ወሰደ። ፊሸር ከዚያ በፊትም ኢ4 ሲገጥመው የሚያዘወትረው ሲሲሊያንን ስለሆነ ስፓስኪን ፈርቶ ነው ማለት ይከብዳል። ጋምቢት ለመጫወት የሚያስብ ሰው ግን ከዚህ አንድ እውነት ያገኛል፤ ጨዋታውን የሚመርጠው እሱ ብቻ አይደለም።

አሁን ኮምፒውተር አለ። ማንም ሰው ስልኩ ላይ የጫነው የቼዝ ሞተር ከየትኛውም የዓለም ሻምፒዮን ይበልጣል። ስለዚህ ክርክሩ ተዘጋ የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 2 ቀን 2012 ቼዝቤዝ የተባለው የጀርመን ድርጅት ሪብካ የተሰኘውን ፕሮግራም ከሠራው ቫሲክ ራይሊክ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ አወጣ። በኮምፒውተር ብዛት የንጉሥ ጋምቢት ተፈትቷል፣ ነጩ ከአንዲት እንቅስቃሴ በስተቀር በሁሉም ይሸነፋል ይላል። ስንቱ አመነ! ስንቱ ተከራከረ! በኋላ የኤፕሪል ዘ ፉል ቀልድ መሆኑ ተገለጸ። ቀልዱ የሠራው ሰው ሁሉ ውስጥ ውስጡን «አንድ ቀን ኮምፒውተር ይገለዋል» ብሎ ይጠብቅ ስለነበር ነው።

ቀልዱ ይቅርና እውነተኛው ፍርድ ምንድን ነው? ሞተሮቹ ጥቁሩ ትንሽ የተሻለ ቦታ እንዳለው ያሳያሉ። ትንሽ ነው። ያሸነፈ አይሉም። ይህ ሁለት ጆሮ ለሚያዳምጥ ሰው ሁለት ነገር ነው። በአንድ በኩል ነጭ ቀድሞ ስለሚንቀሳቀስ በሜዳው እንደሚጫወት ቡድን ትንሽ ብልጫ ይዞ ይጀምራል፤ የንጉሥ ጋምቢት የሚጫወት ሰው ያንን ብልጫ በሁለተኛው እንቅስቃሴ ለተጋጣሚው አሳልፎ ሰጥቷል። ለምንም ሳይሆን በገዛ ፈቃዱ። በሌላ በኩል ደግሞ «ራስን ማጥፋት ነው» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። በደንብ የተጫወተ ነጭ አቻ የሚወጣበት መንገድ አያጣም።

ስም ከሂሳብ ጋር የማይገጥምበት ጊዜ ኳስ ላይም ሞልቷል። የኬቨን ኪጋን ኒውካስል ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ በ1995/96 የውድድር ዘመን ጃንዋሪ ላይ ሊጉን በ12 ነጥብ እየመራ ነበር፤ በመጨረሻ ዋንጫውን ማንቸስተር ዩናይትድ በ82 ነጥብ ወሰደው፣ ኒውካስል በ78 ሁለተኛ ሆነ። ኤፕሪል ላይ አንፊልድ ላይ በሊቨርፑል 4ለ3 የተሸነፈበት ጨዋታ ደግሞ የማይረሳ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ማጥቃት ብቻ እንጂ መከላከል ስለማያውቁ ነው» ይባላል። ሠንጠረዡ ምን ይላል? ኒውካስል በዓመቱ የገባበት 37 ጎል ነው፤ ሻምፒዮኑ ዩናይትድ 35 ገብቶበታል። የሁለት ጎል ልዩነት! ያገባው ግን ኒውካስል 66፣ ዩናይትድ 73። አጥቂው ቡድን በማግባት ነው የተበለጠው። ሰው ግን አንፊልድን ስላየ አንፊልድን ያስታውሳል። የንጉሥ ጋምቢትም እንደዚሁ ነው፤ አፍቃሪው አንደርሰንን ያስታውሳል፣ ጠላቱ በ15 እንቅስቃሴ የተደረመሰውን ነጭ ያስታውሳል፣ ሂሳቡ ግን መሃል ላይ ተቀምጧል።

እንግዲህ ትክክል ነው ወይ ለሚለው መልሱ «ሙሉ በሙሉ አይደለም» ነው። ያዋጣል ወይ ለሚለው ግን መልሱ ሌላ ነው፤ በማንና በስንት ሰዓት የሚለው ይወስነዋል። ሁለት ሰዓት የማሰቢያ ጊዜ ያለው ግራንድማስተር ላይ በየውድድሩ ይዞት የሚወጣ ሰው ሞኝ ነው። ተጋጣሚው ማታውን ሆቴል ተቀምጦ ከኮምፒውተር ጋር ያጠናዋል፤ ጠዋት መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል። ፓኔንካን በየሳምንቱ የሚመታ ተጫዋች ሦስተኛው ላይ ግብ ጠባቂው ሳይወድቅ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ፣ ባልታሰበ ሰዓት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ስፓስኪ ያንን ያውቅ ነበር፤ ማግኑስ ካርልሰንም እ.ኤ.አ በ2010 በ19 ዓመቱ የዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ሮማኒያ ሜዲያሽ ላይ ቻይናዊውን ዋንግ ዩዌን በንጉሥ ጋምቢት ሲገጥም ያንን ያውቅ ነበር።

ለተራው ተጫዋች፣ ሦስትና አምስት ደቂቃ ይዞ ስልኩ ላይ ለሚጫወተው ደግሞ ጋምቢቱ ከትክክልም በላይ ነው። ምክንያቱም ሰዓቱ እየሮጠ የፊሸርን ዲ6 የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይደለም። የበላ ሁሉ የበላውን ማቆየት ይፈልጋል፤ ለማቆየት ይገፋል፤ ሲገፋ የራሱን ንጉሥ ያጋልጣል። መከላከል ከማጥቃት ይልቅ አእምሮ ይበላል። አጥቂ ሲሳሳት ጥቃቱ ይከሽፋል፣ ተከላካይ ሲሳሳት ጎል ይገባል።

ከዚህ ሌላ የትምህርት ጥቅም አለው። ጀማሪ ተጫዋች ቼዝን እንደ ቁጥር ያየዋል። ወታደር 1፣ ፈረስና ቢሾፕ 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9። ደምሮ የበለጠ ያሸነፈ ይመስለዋል። አንድ ወታደር ጎድሎት ተጋጣሚውን ሲያስጨንቅ ጊዜም ቦታም ዋጋ እንዳላቸው በገዛ እጁ ይማራል። ይህንን ከመጽሐፍ መማር ይቻላል፤ ሜዳ ላይ መማር ግን ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጋምቢት ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2020 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው ተከታታይ ፊልም የንግሥት ጋምቢትን በዓለም ሁሉ ሰው አፍ አስገብቷል። ሰዉ ኮሮና ቤት ዘግቶበት ስለነበር ስንቱ ስልኩ ላይ ቼዝ ጫነ። እውነቱን ለመናገር ግን የንግሥት ጋምቢት ጋምቢት ለመባል ያንሰዋል። ጥቁሩ ወታደሯን ቢበላ እንኳ ሊያቆያት ከሞከረ ይፈርስበታል፤ ነጩ ጥቂት ቆይቶ ያስመልሳታል። ብድር ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ለዚህ ነው ሻምፒዮኖች ሁሉ ያለ ፍርሃት የሚጫወቱት።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ወጥመድ ብቻ የሆኑ አሉ። እንግሉንድ የሚባለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ነጩ ዲ4 ሲል ጥቁሩ ኢ5 ብሎ ወታደር በነፃ ይሰጣል። ከዚያ ንግሥቲቱን ይዞ ይዞራል፣ ነጩ በስድስተኛው እንቅስቃሴ ቢሾፑን ሲ3 ላይ ካደረገ በስምንተኛው ማት ነው። በአጫጭር ቪዲዮ ሲታይ ያስጨበጭባል። ነጩ ግን ቢሾፑን ትቶ ፈረሱን እዚያው ሲ3 ላይ ካደረገ ጥቁሩ አለቀለት፤ ንግሥቲቱ ጠላት ሠፈር ተሰንቅራ፣ ሌሎቹም ሳይወጡ። የተጋጣሚን አንድ ስህተት ብቻ የሚጠብቅ አከፋፈት ኦፍሳይድ ወጥመድ ዘርግቶ ግብ ጠባቂ የሌለው ቡድን ነው። የንጉሥ ጋምቢት ከዚህ የሚለየው ወጥመዱ ሳይሳካም ነጩ እጁ ላይ የሚቀር ነገር ስላለ ነው። መሃሉ አለ፣ የኤፍ መስመር አለ። ባዶ እጁን አይቀርም።

ይህን ልዩነት ሳያውቁ የሚጫወቱ ወጣቶች መብዛታቸው ያሳስባል። በወጥመድ አሥር ጨዋታ ያሸነፈ ልጅ ቼዝ የቻለ ይመስለዋል፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ሲገጥመው ከስምንተኛው እንቅስቃሴ በኋላ ምን እንደሚጫወት ይጠፋዋል። ጋምቢቱ ጥፋተኛ አይደለም። የልጁ ጨዋታ ከጋምቢቱ ጋር ስለሚያልቅ ነው።

ስለዚህ የንጉሥ ጋምቢትን ሊሞክር የፈለገ ሰው ሦስት መልሶችን አስቀድሞ ቤቱ ይጨርስ። ጥቁሩ ወዲያው ጂ5 ብሎ ወታደሯን ሊያቆይ ቢሞክር ኤች4 ብሎ መስበሩን ይወቅ። የፊሸር ዲ6 ከመጣበት ፈረሱ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይደንግጥ፤ ኢ4ና ዲ4 ላይ የቆሙት ወታደሮቹ አሉለት።

ሦስተኛው ግን ለጋምቢት ሰው ከሁሉም የሚከብደው ነው። ጥቁሩ ስጦታውን ለማቆየት ሳይጨነቅ ዲ5 ብሎ መሃሉን ይመታና ወታደሯን ይመልሳል። አለቀ። ጥቃት የለም፣ እሳት የለም፣ ጨዋታው እኩል ነው። ለፍንዳታ የመጣው ነጭ ተቀምጦ እንደማንኛውም ሰው ሦስት ሰዓት ማሰብ ሊኖርበት ነው። ዋንግ ዩዌ ካርልሰን ላይ ያደረገው ይሄንኑ ነበር። ዲ5 መለሰ፣ ካርልሰን ወታደሩን አገኘ፣ ንጉሡን ሸሸገ፣ ከዚያም ምንም የሚያስጨበጭብ ነገር ሳያደርግ ቀስ እያለ አጠበበው፤ ዋንግ ዩዌ እጁን ሲሰጥ ከ50 በላይ እንቅስቃሴ ተቆጥሯል።